ወደ ቀኝ አልታጠፍ ያለችው ባለ ስምንት ጎማ፦ የአንዲት የውሃና የየብስ መኪና የጥገና ጉዳይ ከጎንደር

ጉዳዩ ባጭሩ

አንዲት ባለ ስምንት ጎማ መሬትም ውሃም ላይ የምትሄድ መኪና ወደ ቀኝ አልታጠፍ አለች። ቀጥ ብላ ስትነዳ ወደ ግራ ትስባለች፣ ጭነት ሲበዛባት ደግሞ ከወለሏ ስር ጧ ጧ የሚል ድምፅ አላት። አንድ ጋራዥ አይቷት "ዲፈረንሻሉ አልቋል፣ ካምቢዮው ይውረድ" አለ። በመጨረሻ ግን ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ሳይነካ ነው የተሠራችው። ዝርዝሩን መጻፍ የፈለኩት እንዲህ ዓይነት መኪና እኛ አገር ጥቂት ስለሆነች መካኒኩም ሾፌሩም ከፒክአፕና ከላንድክሩዘር የለመደውን ይዞ ነው የሚገባባት፣ የሚሳሳተውም እዛው ላይ ነው። የሰውም የድርጅትም ስም አልጠራም።

መኪናዋና ሥራዋ

የአንድ ፕሮጀክት ንብረት ናት፣ የምታድረው ጎንደር ሲሆን ሥራዋ ጣና ዳር በደንቢያ በኩል ነው። የዛ ዳርቻ ነገር ይታወቃል፣ እምቦጭ ነው። አረሙ ሐይቁ ላይ መታየቱ በይፋ የተነገረው 2004 ዓ.ም. አካባቢ ነበር፣ ከዛ ወዲህ ክረምት በወጣ ቁጥር ዳርቻውን ይሸፍነዋል። አረሙን የሚለኩ ሰዎችንና ገመድ መረብ የሚያመላልስ ነገር ያስፈልግ ነበር፣ ጀልባ ረግረጉን አያልፍም፣ ፒክአፕ ዋልካው ይውጠዋል፣ ታንኳ ላይ ደግሞ ያን ሁሉ ዕቃ መጫን አይሆንም። ስለዚህ ይቺ መጣች። ያገለገለች ናት፣ ማኑዋልም አብሯት አልመጣም። ሠራተኛው ጉማሬ ነው የሚላት።

አሠራሯን ትንሽ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ቀጥሎ ያለው አይገባም። የፊት ጎማ የሚባል የሚታጠፍ ነገር የላትም፣ ስምንቱም ጎማ ቀጥ ብሎ ነው የተተከለው። ሞተሩ ልክ እንደ ስኩተር በጎማ ቺንግያ ኃይሉን ለካምቢዮ ያስተላልፋል፣ ካምቢዮው ውስጥ ዙሩን ለግራና ለቀኝ የሚያካፍል ዲፈረንሻል አለ፣ ከዛ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንግ ይወጣል። በእያንዳንዱ ጎን ያሉት አራት ጎማዎች እርስ በርሳቸው በሰንሰለት የታሰሩ ስለሆነ አንዱ ሲዞር አራቱም ይዞራሉ። በየጎኑ አንድ የፍሬን ዲስክ አለ። እጀታውን ወደ ቀኝ ስታዞረው የቀኙ ፍሬን ብቻውን ይይዛል፣ የቀኝ ጎማዎች ይዘገያሉ፣ ዲፈረንሻሉ የቀነሰውን ዙር ለግራ ይሰጠዋል፣ ግራው ፈጥኖ መኪናዋን ወደ ቀኝ ያዞራታል። በቃ፣ መሪዋ ፍሬኗ ነው። ሌላ የመሪ ሳጥን፣ የመሪ ዘንግ፣ ምናምን ብሎ ነገር የለም።

ደግሞ ሰንሰለቱም ዲስኩም ያሉት ውጭ ሳይሆን ሆዷ ውስጥ ነው፣ ከወለሉ ስር፣ ውሃ እንዳያስገባ በተሠራው ገንዳ ውስጥ። ዘንጎቹ ገንዳውን በስተው የሚወጡበት ቦታ ላይ ዘንጉን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታና ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት፣ ፓራውልዮ፣ አለ።

ችግሩ ሲመጣ

መጀመሪያ የታየው የቀኙ መታጠፍ መድከም ነው። ሾፌሩ እጀታውን እስከ መጨረሻው ይጠመዝዘዋል፣ መኪናዋ ግን ሰፊ ዙር ካልሆነ አትመጣም። ጋራዡ ፍሬኑ አየር ይዟል ብሎ አየር አወጣ፣ ለውጥ የለም። ከዛ የፍሬን ዘይቱን ወደ ዲስኩ የሚገፉትን የማስተር ሲሊንደሮቹን መግፊያ ዘንግ አስረዘመ፣ እጀታው ቶሎ እንዲይዝ ማለት ነው፣ የሁለቱንም ጎን። ያኔ ነው ወደ ግራ መሳብ የጀመረችው። ድምፁም እየባሰ ሲመጣ የመጨረሻው ፍርድ ዲፈረንሻል ሆነ።

ለሁለተኛ አስተያየት እኔ ስጠራ መጀመሪያ የፈለኩት መኪናዋን ሳይሆን ሾፌሩን ነበር። ወጣት ነው፣ ትዝብቱ ግን የሚገርም። "ጋሼ፣ ውሃ ላይ እኮ እንደ ልቤ ነው የማዞራት፣ መሬት ስትወጣ ነው እምቢ የምትለኝ" አለኝ። ደግሞ ቀጠለና "ጠዋት ስነሳ ወደ ግራ መሳቧ ትንሽ ነው፣ ወደ ከሰዓት ግን ክንዴ እስኪዝል ነው የምታገላት" አለ። ጋራዥ ውስጥ ይሄን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ግማሹን ሥራ ጨርሰውታል ማለት ይቻላል። ውሃ ላይ ጎማው እንደ መቅዘፊያ ነው የሚሠራው፣ አንዱን ጎን ለማዘግየት ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፣ የደከመ ፍሬንም ይበቃዋል። መሬት ላይ ግን ለመታጠፍ ስምንቱ ጎማ ወደ ጎን እየተፋቀ መንሸራተት አለበት፣ ደረቅ መሬትና አስፋልት ላይ ደግሞ ይሄ ከባድ ነው፣ ፍሬኑ አጥብቆ ካልያዘ አይሆንም። ዲፈረንሻሉ ተሰብሮ ቢሆን ውሃ ላይም መሬት ላይም እኩል ባስቸገረ ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬው የቀኙ ፍሬን አይነክስም ወደሚለው አዘነበለ። ከሰዓት መባሱ ደግሞ ከሙቀት ጋር የሚሄድ ነገር ነው፣ ፍሬን ሳይለቅ ሲቀር የሚያሳየው ጠባይ።

ምርመራው

ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሄድነው፣ ማለትም በነጻ ከሚታየው ጀምረን ብር ወደሚያስወጣው።

ጎማ። የዚህች መኪና ጎማ ለስላሳ ነው፣ የሚፈልገው ንፋስ በጎማ መለኪያው (ፒኤስአይ) 3 አካባቢ ነው፣ የፒክአፕ ጎማ 30 እና ከዛ በላይ እንደሚፈልግ አስቡት። ከቀኝ ሁለቱ አዘዞ ላይ ቀዳዳ ተደፍኖላቸው ነበር፣ ጎሚስታው በለመደው እጁ ሞልቷቸዋል፣ ከበሮ ሆነዋል። መለኪያው ራሱ ከ10 በታች በትክክል አያነብም። ከግራ ደግሞ አንዱ ጎማ ከቸርኬው ጠርዝ ላይ ጭቃ ገብቶበት ቀስ እያለ ይተነፍሳል። በአንድ ጎን ያሉ ጎማዎች በሰንሰለት ከታሰሩ ትልቁና ትንሹ በአንድ ዙር እኩል መንገድ አይሄዱም፣ ልዩነቱን የሚከፍለው ሰንሰለቱ ነው። ለዝቅተኛ ንፋስ የሚሆን መለኪያ ስላልነበረን መኪናዋን ካነሳናት በኋላ የእያንዳንዱን ጎማ ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካን፣ እኩል እስኪመጡም ንፋሱን አስተካከልን። ይሄ ዘዴ መለኪያ ላለውም ይሠራል፣ እንዲያውም እኔ ከመለኪያው ይልቅ ሜትሩን አምናለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ነው፣ ጣና ደግሞ 1,790 አካባቢ። ወደ ሐይቁ ስትወርድ የውጩ አየር ግፊት ስለሚጨምር ጎንደር ላይ የተሞላ ጎማ ግማሽ ፒኤስአይ ገደማ ያነሰ ሆኖ ታገኘዋለህ። ለፒክአፕ ምንም ማለት አይደለም፣ ለባለ 3 ፒኤስአይ ጎማ ግን ብዙ ነው። ሁሉም ጎማ ላይ እኩል ስለሚሆን መኪናዋን ወደ ጎን አይስባትም፣ ግን ንፋሱን እሥራው ቦታ መለካት ይሻላል።

ከጎማው በኋላ መሳቡ ቀነሰ፣ አልጠፋም።

ዲፈረንሻል። ሻሲዋ ስር እንጨት ረብርበን ስምንቱንም ጎማ ከመሬት አነሳን። ሞተር ጠፍቶ፣ ማርሽ ገብቶ፣ አንድ ሰው የቺንግያውን የኋላ ፑሊ በእጁ ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ ሌላው የቀኝ ጎማ ወደፊት ሲያዞር የግራዎቹ ወደኋላ መዞር አለባቸው። ዞሩ፣ ሳይንገጫገጩ። የካምቢዮው ኦሊዮም ሲታይ ንጹህ ነው፣ ውሃ ቢገባበት ነጣ ብሎ ወተት ይመስል ነበር፣ የብረት ፍቅፋቂም የለበትም። በዚህ ዲፈረንሻሉን ተውነው። ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ፈተና ነው፣ "ካምቢዮው ይውረድ" ከማለት በፊት ይሄን ማድረግ ምን ነበረበት ያሰኛል።

የግራ ፍሬን። እንደተነሳች የግራ ጎማዎች በእጅ ሲዞሩ ከባድ ናቸው። መግፊያ ዘንጉን ስናየው ምንም ልቅነት የለውም፣ እጀታው መሀል ላይ እያለም ፒስተኑን ተጭኖታል። ማስተር ሲሊንደር ውስጥ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ፒስተኑ እስከ መጨረሻው ካልተመለሰ ቀዳዳዋ ተደፍና ትቀራለች። ከዛ ዲስኩ ይግላል፣ ዘይቱ ይሰፋል፣ የሚሄድበት ስለሌለው ዲስኩን ጨብጦ የሚይዘውን ሸራ የባሰ ይገፋዋል፣ የባሰ ይግላል። የሾፌሩ "ከሰዓት ይብሳል" ይሄ ነው። ዘንጉን መልሰን አሳጥረን ትንሽ ልቅ እንዲሆን ስናደርገው ጎማዎቹ ወዲያው ቀለሉ። የፍሬን ዘይቱም ጠቁሮ ስለነበር በሙሉ ቀየርነው፣ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ነገር ስለሆነ ውሃ ውስጥ በምትውል መኪና ላይ ለዓመታት መተው የለበትም።

የቀኙም ዘንግ እንደ ግራው ረዝሞ ነበር፣ ታዲያ ቀኙ ለምን አልያዘም? የወለሉን ክዳን ስናነሳ መልሱ ቁጭ ብሏል። ዲስኩ ያብለጨልጫል፣ ጣት ሲያርፍበት ጥቁር ቅባት ይዞ ይመጣል። ሸራው ዘይት ጠጥቷል። የቀኙ ፍሬንም ሳይለቅ ተጭኖ ነበር እኮ፣ ግን እየተንሸራተተ ስለሆነ ጉዳቱ የታየው ግራው ላይ ብቻ ነው።

ዘይቱ ከየት መጣ

ረዳቱ ሰንሰለቱ እንዳይዝግ ብሎ ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት በቆርቆሮ ነበር የሚያፈስበት፣ ከልቡ ነው፣ ማንም አትሥራ ያለውም የለም። ግን ዘይት ብቻውን ዲስኩ ድረስ አይወጣም። ገንዳው ውስጥ ውሃ ነበረ፣ ዘይቱም ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ነበር። መኪናዋ የምታድርበት ቦታ ደግሞ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ውሃው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ዲስኩ ታችኛው ጫፉ ውሃው ውስጥ ተነክሮ ያድራል፣ ጠዋት ሲዞር ዘይቱን ይለቀልቃል።

ውሃውስ? የቀኙን ሦስተኛ ጎማ ስንፈታ ዘንጉ ላይ በጎማውና በገንዳው መሀል የእምቦጭ ሥር እንደ ክር ተጠምጥሞ ደርቋል፣ በቢላዋ እየቆረጥን ነው ያወጣነው። ከሥሩ ያለው የፓራውልዮ ከንፈር ተበልቷል። ውሃው በዛ ነው የሚገባው። ኩሽኔታውም ግራሶው ታጥቦ ዝጓል፣ በእጅ ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ዘንጉ በልቅ ኩሽኔታ ላይ ሲጨፍር ሰንሰለቱ አንዴ ይወጠራል አንዴ ይረግባል፣ ረግቦ ጥርሱን ሲዘል ነው ያ ጧ የሚለው ድምፅ።

ፍሳሹ ይሄን ያህል ጊዜ ያልታወቀው ገንዳው ውስጥ ያለው ፓምፕ ውሃውን ራሱ ስለሚያወጣው ነው። ሾፌሩ ወለሉ ደረቅ ስለሆነለት ደህና ነው ይላል፣ ፓምፑ ግን የመጨረሻዋን ጥቂት ሴንቲሜትር አያነሳም፣ ዘይቱም የሚቀረው እዛው ነው።

እንግዲህ "የመሪ ችግር" የተባለው የጀመረው ከአረም ሥር ነው። ሥሩ ፓራውልዮውን በላ፣ ውሃ ገባ፣ ዘይቱ ተንሳፈፈ፣ ፍሬኑ ተንሸራተተ፣ እሱን ለማከም ዘንጉ ተረዘመ፣ የተረዘመው ዘንግ ግራውን አቃጠለው።

የሠራውና ያልሠራው

ሸራውን መጀመሪያ በቤንዚን አጥበን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግነው። እግዜር ይስጠው ለመጀመሪያው ጉዞ ያዘ፣ ዲስኩ ሲግል ግን የጠጣውን ዘይት መልሶ አስመለሰና ያው ሆነ። ዘይት የጠጣ ሸራ ይታጠባል የሚለውን ነገር ብዙ ሰው ያምናል፣ እኔ አላምንም። ዲስኩ ግን ታጥቦ ይድናል፣ ብረት ስለሆነ አይጠጣም። ለዚህች መኪና የሚሆን ሸራ ጎንደር ላይ አልተገኘም፣ ስለዚህ ሸራ የሚለጥፍ ባለሙያ ጋ ሄደን በድሮው ብረት ላይ አዲስ አስለጠፍን። ውፍረቱ ከግራው ጋር እኩል እንዲመጣ ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ነው ያስለጠፍነው፣ አንዱን ጎን ብቻ መቀየር ለዚህች መኪና አይሆንም ምክንያቱም ሁለቱ ፍሬኖች የሚይዙበት መጠን ካልተመጣጠነ ግራና ቀኝ መታጠፏ ይለያያል።

ሰንሰለቱ ላይ ክርክር ነበር። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ትልቁ መካኒክ "አንድ ዓይኑን ቆርጠን እናሳጥረው" አሉ፣ ለብስክሌትና ለሞተር የሚሠራ ነገር ነው። እኔ መጀመሪያ እንለካው አልኩ። ሰንሰለቱ ላይ ቁጥሩ ተመትቶበታል፣ 50 ነው፣ የዚህ ቁጥር ሰንሰለት ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ 15.875 ሚሊሜትር ነው፣ ስለዚህ 20 ዓይን አዲስ ሲሆን 317.5 ሚሊሜትር ይመጣል። ወጥረን ስንለካው 328 አለፈ። ሰንሰለት በ100 ወደ 3 ከረዘመ አርጅቷል ነው የሚባለው፣ ይሄ ደግሞ አልፎታል። ቢቆረጥ ይወጠራል እንጂ ዓይኖቹ ከጥርሱ ጋር ስለማይገጥሙ ጥርሱን እየበላ ነው የሚሄደው። መካኒኩም ሜትሩን ራሳቸው ይዘው ሲያዩት "እሱስ ልክ ነው፣ ይቀየር" አሉ። ደጉ ነገር ቁጥሩ የታወቀ መደበኛ ሰንሰለት ስለሆነ የመኪናዋ ስም ሳይጠራ ከአዲስ አበባ በቁጥሩ ብቻ መጣ። ኩሽኔታውም እንደዛው፣ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ስለተጻፈ እዚሁ ጎንደር ተገኘ።

አዲሱን ሰንሰለት ስንገጥም የማጋጠሚያውን ክሊፕ ክፍት ጫፍ ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ አደረግነው፣ ካልሆነ የሆነ ነገር ሲነካው ይወልቃል። ቅባቱ ደግሞ ለሰንሰለት የተሠራ በብሩሽ የሚቀባ እንጂ የሚፈስ ነገር እንዳይሆን ተስማማን።

ሙከራውን ደረቅ ሜዳ ላይ አደረግነው፣ ዝግ ብላ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተመሳሳይ ዙር ሠራች። ድምፁ ጠፋ። ከዛ ጎርጎራ ወርዳ ውሃ ገብታ ወጣች፣ ገንዳው ውስጥ የገባ ውሃ በጣም ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ።

ለሌላ ሰው የሚጠቅመው

በጎን ፍሬን የምትታጠፍ ማንኛዋም መኪና፣ ይቺ ብቻ ሳትሆን የድሮ ዶዘርም፣ "መሪዋ ተበላሸ" ስትባል መጀመሪያ ፍሬንና ጎማ ይታይ። የማርሽ ሳጥን መጨረሻ ነው።

ሾፌሩን ችግሩ የት የት እንደሚጠፋ ጠይቁት፣ የት እንዳለማ ሁሉም ይነግራችኋል። እኛ ጋ "ውሃ ላይ ደህና ናት" የሚለው ነው የካምቢዮውን ወጪ ያስቀረው።

ከዚህ በፊት የተሞከረውን ጥገና በሙሉ ጻፉትና መጀመሪያ ወደነበረበት መልሱት። እዚህ ላይ ሁለት በሽታ ነበር፣ አንዱ የመኪናዋ፣ ሌላው የጥገናው፣ ሁለቱ ተደባልቀው ነው ሦስተኛ የሌለ በሽታ ያስመሰሉት።

አስፋልት ላይ ባለችበት ማሽከርከር ይቅር። እንግዳ ሲመጣ ለማሳያ እየተባለ ግቢ ውስጥ ኮንክሪት ላይ ክብ ትዞር እንደነበር ኋላ ሰምተናል፣ ለሰንሰለትና ለፍሬን ከዛ የከፋ ነገር የለም። መታጠፍ ግድ ከሆነ እየሄዱ በሰፊው ነው።

ከውሃ በወጣች ቁጥር የሚደረገው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ በየዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ሥር ይቆረጥ፣ የገንዳው ታፖ ተከፍቶ አፍንጫዋ ከፍ ብሎ ትቁም፣ የውጭ ኩሽኔታዎች አሮጌው ግራሶ ከነውሃው እስኪወጣ ድረስ ግራሶ ይጠጡ። ፓምፑ ስንት ጊዜ እንደተነሳ ሾፌሩ ማስታወሻ ላይ ይጻፍ፣ ፓምፕ በራሱ ቶሎ ቶሎ የሚነሳ ከሆነ የሆነ ቦታ እየገባ ነው።

አሁን ያለችበት

ሥራ ላይ ናት። የተለጠፈው ሸራ ጊዜያዊ ነው፣ መሪም ፍሬንም እሱው ስለሆነ ኦሪጅናሉ እስኪመጣ ዳገት ቁልቁለት ያለበት ቦታ በጭነት እንዳትሄድ ተብሏል፣ ከጎንደር እስከ ሐይቁ ድረስም በፒክአፕ ተጎታች ነው የምትወርደው። ያቺ የቀረችው ፍሳሽ ከሦስተኛው የቀኝ ዘንግ ነው፣ የድሮው ፓራውልዮ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ዘንጉ ጭረት ይዟል፣ ጥፍር ሲያልፍበት ይያዛል፣ አዲስ ፓራውልዮ ቢገባበትም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ዘንጉ ወጥቶ ቶርኖ ቤት ጭረቱ ተሞልቶ መስተካከል አለበት፣ ለዛ ደግሞ የቀኙ ሰንሰለት በሙሉ መውረድ ስላለበት የእምቦጩ ሥራ እስኪቀዘቅዝ ተቀጥሯል።